እውነቱ የአንተ ይሁን፤ ጥይቱስ ማን ላይ አረፈ?

«ፍትሐዊ ዓላማ ያለው አያስፈቅድም» በሚል ርእስ ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉ በጎጃም ሰዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቷል። አሳቡ አጭር ነው። ዓላማህ እውነት ከሆነ ለእርሱ የምታነሳው ኃይልም እውነት ነው፤ የቀረው ጥያቄ ሁሉ የፈሪ ማመካኛ ነው ይላል። ጸሐፊው ለዚህ የጠሯቸው ምስክሮች አርበኞች፣ የ1960ው የገበሬዎች አመፅና የወንጀል ሕጉ ስለ ራስ መከላከል የሚለው ናቸው። ከዚያ ሽምግልና የደካማ መጠጊያ ነው፣ የንጹሐን ጉዳት አይቀሬ ነው፣ ሰላማዊ ትግል የትም አላደረሰም ይሉና «ዝም ያለ ሁሉ ተባባሪ ነው» ብለው ይዘጋሉ።

እኛ ኃይል ሁሉ ኃጢአት ነው ከሚሉት ወገን አይደለንም። ጣሊያንን በጸሎት ብቻ እናስወጣው ነበር ብለንም አንከራከርም። ስለዚህ የምንመልሰው ከራሳቸው ከጸሐፊው ሜዳ ላይ ቆመን፣ የጠሯቸውን ምስክሮች አንድ በአንድ እየጠየቅን ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ይለይ። ጎረቤትህ ድንበርህን ገፍቶ አረሰብህ እንበል። እውነቱ የአንተ ነው። አንተም ሌሊት ሄደህ የጤፍ ክምሩን አቃጠልህበት። ነገሩ ዳኛ ፊት ሲቀርብ ዳኛው አንድ ፍርድ አይሰጥም፤ ሁለት ይሰጣል። ድንበርህን ያስመልስልሃል፣ ክምሩንም ያስከፍልሃል። «እውነቱ የእኔ አይደለም ወይ?» ብትል፣ «አዎ፣ የአንተ ነው፤ ለዚህ ነው መሬቱን የመለስንልህ» ይልሃል። ጸሐፊው ይህን ሁለት ፍርድ አንድ አድርገውታል። ዓላማው ትክክል ነው ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ለዚህ ዓላማ፣ በዚህ ሰው ላይ፣ በዚህ መጠን፣ ዛሬ ኃይል መጠቀም ይገባል ወይ የሚለው ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስለተመለሰ ሁለተኛው ተመለሰ ማለት አይደለም።

«አርበኞች ማንን አስፈቀዱ?»

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ምስክር ነው፤ የተነበበው ግን ከመካከል ተጀምሮ ነው። አርበኝነት የመጣው ሌላው በር ሁሉ ከተንኳኳ በኋላ ነበር። በኦጋዴን ከጣሊያን ጦር ጋር የወልወል ግጭት በኅዳር 1927 ሲነሳ ኢትዮጵያ ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወሰደችው። ጦርነቱ ሊጀመር ሲል እንኳ ለጠብ ምክንያት እንዳይገኝ ጦሯ ከድንበሩ 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲመለስ ታዝዞ ነበር። የጣሊያን ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 መረብን ተሻገረ፤ የመርዝ ጋዝም አዘነበ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ላይ አቤት አሉ፤ ሰሚ አልነበረም። ዳኛም፣ ይግባኝም፣ የሚሻር ሹምም በሌለበት፣ ባዕድ ጦር አገር በያዘበት ሰዓት ነው በላይ ዘለቀ በብቸና፣ እነ መንገሻ ጀምበሬ፣ ነጋሽ በዛብህና ኃይሉ በለው በየአካባቢያቸው የታገሉት።

«አላስፈቀዱም» የሚለው ለዚህ ነው የማያስኬደው። ማስፈቀድ የሚባለውን መንገድ አገሪቱ ስለ እነርሱ እስከ ጫፍ ሄዳበታለች። ከዚያ በኋላ የተነሣው ኃይል ተገቢ ነበር፤ ይህን ሳናቅማማ እንናገራለን። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሁኔታ ትተው ጠመንጃውን ብቻ አንሥተው ወደ ዛሬ ያሻገሩት እንደሆነ ምስክርነቱ ይፈርሳል።

ጽሑፉ የዘለለው ሌላም ነገር አለ፤ እርሱም ከድል በኋላ የሆነው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 በኦሜድላ ገቡ፤ ደብረ ማርቆስ በመጋቢት 1933 ነጻ ወጣች። በላይ ዘለቀ በ1937 አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ከአዲሱ መንግሥት ጋር ተጋጭቶ ተያዘ፣ ሞት ተፈረደበት፣ ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠለት፣ ከእስር ሲያመልጥ ተይዞ ተሰቀለ። አብሮት የተሰቀለው ማሞ ኃይሉ ደግሞ በጠላት ዘመን ከጣሊያን ጋር የነበረ ሰው ነው። አርበኛና ባላጋራው በአንድ ግንድ ላይ! የበደሉ ድርሻ የመንግሥቱ ነው ብለው የሚከራከሩ ብዙ ናቸው፤ እኛም ከዚያው ወገን ነን። የምናነሳው ግን ለየት ያለ ነገር ነው። አምስት ዓመት በዱር የኖረ ኃይል ወደ ቤቱ የሚገባበት መንገድ አስቀድሞ ካልተጠረገለት፣ ዓላማው የቱንም ያህል ቅዱስ ይሁን፣ ድሉ ማግስት የመጀመሪያዎቹን ሰለባዎች ከራሱ ልጆች ይወስዳል። ትጥቅ የሚፈታው የት ነው? መሣሪያው ለማን ይሰጣል? ማዕረጉን ማን ያጸድቃል? ለእነዚህ መልስ ሳይኖረው «ተነሥ» የሚል ሰው ግማሽ ዕቅድ ነው የያዘው።

«በ1960 ጠመንጃ ነው የረታው»

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን፤ በጎጃም ታሪክ ውስጥ ለዚህ ክርክር ከዚህ የሚቀርብ ጉዳይ የለምና።

በኅዳር 1960 የወጣው አዋጅ አሥራትን፣ ከምርት አንድ አሥረኛ የሚከፈለውን ግብር፣ አስቀርቶ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ጣለ። በወረቀት ላይ ሲታይ ክፉ አዋጅ አልነበረም፤ ብዙ የሚያገኝ ብዙ ይክፈል የሚል ነው። ችግሩ አፈጻጸሙ ላይ ነበር። ገቢውን ለማወቅ ገማች ወደ ማሳው መግባት አለበት። ገማች ሲገባ ደግሞ በጎጃም ገበሬ አእምሮ ልኬት ይከተላል፤ ልኬት ከተከተለ ርስት ይነካል። በርስት አገር መሬት የአንድ ሰው ንብረት አይደለም፤ ከአቅኚው አባት ጀምሮ የሚቆጠር የዘር መብት ነው። ጎጃም ከነጻነት በኋላ በ1930ዎቹም መሬቱን አላስለካም ብሎ ተነሥቶ ነበር። አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴም በሕዝቡ ዘንድ የተጠሉ ነበሩ። ገበሬው መጀመሪያ ያደረገው አቤት ማለት ነው፤ ተወካይ መርጦ እስከ አዲስ አበባ ላከ። ያ ሳይሰማ ሲቀር ገማች አላስገባም አለ። ሞጣና ዳሞት ግንባር ቀደም ሆኑ። መንግሥት ጦር አዘመተ፣ አውሮፕላንም አሰማራ። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ፣ ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዲሱም ግብር በጎጃም ሳይሰበሰብ ቀረ።

ታዲያ የረታው ጠመንጃው ነው? ጠመንጃ ብቻውን የሚረታ ቢሆን በዚያው ዘመን የተካሄደው የባሌ አመፅም ቶሎ በረታ ነበር። የባሌ ገበሬም የግብርና የመሬት በደል ነበረበት፤ መሣሪያም አንሥቷል። እርሱ ግን ከ1955 እስከ 1962 ሰባት ዓመት ፈጅቶ በመሪው በዋቆ ጉቱ እጅ መስጠት ነው ያበቃው። ልዩነቱ በጀግንነት አይደለም። የጎጃሙ ጥያቄ አንድ ነበር፤ «ገማቹን አውጡልን፣ ሹሙን አንሱልን» ማለት ነው። ጥያቄው በፊርማ የሚመለስ ነበር። ንጉሡ ዘውዳቸው ሳይነካ፣ ፊታቸው ሳይጠቁር፣ አንድ አገረ ገዢ አንሥተው የሚወጡበት በር ነበራቸው። ገበሬውም ጥያቄው ሲመለስለት የሚመለስበት እርሻ ነበረው፤ ጦሩ ሲወጣ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ።

ከዚህ የሚወጣው ቁም ነገር የጸሐፊው ተቃራኒ ነው። ኃይል ውጤት የሚያስገኘው ጥያቄው ጠባብ ሲሆን፣ በሌላው ወገን «እሺ» የሚል እጅ ሲኖርና «እሺ» ሲባል የሚቆም ሲሆን ነው። ጽሑፉን ደግመን ደጋግመን አነበብነው፤ ምን ሲሆን እንደሚቆም የሚናገር አንድ ዐረፍተ ነገር የለውም።

የተከፈለውም ዋጋ አልተነገረም። ከአየር የተደበደቡ መንደሮች፣ የተቃጠሉ ቤቶች፣ የጠፉ ከብቶች ነበሩ። ሲጠቃለልም የተገኘው የነበረውን ማቆየት ነው። ገበሬው በአገሩ ጉዳይ ድምፅ አላገኘም፤ ጭሰኛውም ጭሰኛ ሆኖ ቀረ። የመሬትን ሥሪት የለወጠው የካቲት 25 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ነው፤ ወደዚያ ያደረሰው መንገድ ደግሞ የሞጣ ጫካ አልነበረም። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

«ሕጉ ራሱ ፈቅዷል»

ጸሐፊው የወንጀል ሕጉን አንቀጽ 78 ጠቅሰዋል፤ የጠቀሱት ግን ግማሹን ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሕጋዊ መከላከልን የሚቀበለው ሦስት ነገር ሲሟላ ነው። አንደኛ፣ ጥቃቱ ሕገ ወጥ ሆኖ አሁን የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ መከላከያው ከአደጋው ክብደትና ከሚጠበቀው መብት ጋር መመጣጠን አለበት።

በምሳሌ እንየው። ሌሊት አምስት የታጠቁ ሰዎች በረትህን ሰብረው ገቡ፣ መሣሪያም ደገኑብህ፤ ተኮስህ። አንቀጽ 78 ይሸፍንሃል። ከብቱን ጥለው ሲሸሹ ጀርባቸውን መታህ፤ አሁን ከልክ ማለፍ የሚባለው ጥያቄ ተነሣ፤ አንቀጽ 79 እና 541 ቅጣቱን ሊያቀሉልህ ይችላሉ እንጂ ጥፋት የለብህም አይሉህም። በሳምንቱ ከሌቦቹ አንዱን ገበያ ላይ አግኝተህ ገደልኸው፤ ይህ ተራ ግድያ ነው፣ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። አስበህበትና አድብተህ ከሆነ ወደ አንቀጽ 539 ይወጣል፤ እዚያ ያለው የዕድሜ ልክ እስራት ወይም ሞት ነው። በሦስቱም ቦታ የተሰረቀው ከብት ያንተው ነው፣ እውነቱም ያንተው ነው። የተለወጠው ጊዜውና መጠኑ ብቻ ነው፤ ፍርዱ ግን ከነጻነት እስከ ሞት ተለዋወጠ።

ይህን ስንል መንግሥት ያደረገው ሁሉ ሕጋዊ ነው ማለታችን አይደለም። ሚዛኑ ለእርሱም ያው ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት የተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ላይ ካለ በ48 ሰዓት፣ ከሌለ በ15 ቀን ውስጥ ለምክር ቤቱ መቅረብ አለበት። የሚቆየው እስከ 6 ወር ነው፤ ምክር ቤቱ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ በየ4 ወሩ ሊያድሰው ይችላል። አዋጁ ቢታወጅም እንኳ ከኢሰብአዊ አያያዝ የሚጠብቀው አንቀጽ 18 አይነካም። አንቀጽ 28 ደግሞ ያለ ፍርድ መግደልን፣ ሰውን መሰወርንና ማሠቃየትን በይርጋ የማይታገዱ፣ በምሕረትም የማይታለፉ ወንጀሎች አድርጓቸዋል። ደንብ የለበሰ ሁሉ «ዓላማዬ ሕግ ማስከበር ነው» ማለቱ ክምሩን ከማስከፈል አያድነውም። ጸሐፊው ለአንድ ወገን የሰጡት ፈቃድ ለሌላውም እንደሚያገለግል ልብ ብለው አላዩትም። ሁለቱም ወገን ዓላማዬ እውነት ነው ነው የሚለው፤ ዓላማ ብቻውን ካጸደቀ ሁለቱም ጸደቁ፣ ተጠያቂም ጠፋ።

«ሽምግልና የደካማ ነው»

ይህን የጻፈ ሰው ደም ሲደርቅ አላየም ብለን እንጠረጥራለን። ነፍስ ከጠፋ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ በአጭሩ እናስቀምጥ፤ ዝርዝሩ ከወረዳ ወረዳ ይለያያል፣ አጥንቱ ግን አንድ ነው።

ገዳይ ከአካባቢው ይርቃል ወይም እጁን ለመንግሥት ይሰጣል። ወገኖቹም ከሟች ወገን ጋር ገበያና ደጀ ሰላም ላይ እንዳይገጣጠሙ መንገድ ይለያሉ። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ከሁለቱም ወገን በዘርም በጋብቻም ያልተነካኩ፣ ካህን ያለባቸው። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው እርቅ አይደለም፤ ጊዜ ነው። «እስከዚህ በዓል ድረስ እጅ አይነሣ» ይሉና ከየወገኑ ዋስ ይጠራሉ። ዋስ የሚሆነው ደግሞ ዝም ብሎ ደግ ሰው አይደለም፤ የወገኑን ጎረምሳ ቁጭ በል ሲለው የሚቀመጥለት ሰው ነው። ከዚያ መስቀል ይዘው ወደ ሟች ቤት ይሄዳሉ። ይመለሳሉ። እንደገና ይሄዳሉ፣ እንደገና ይመለሳሉ። መጀመሪያ ላይ እንቢ ማለት ለሟች ክብር ነው፤ በአንድ ጉዞ እሺ የሚል ቤት ሟቹን ያቀለለ ይመስላል። እሺ ሲባል ካሳው ይቆረጣል፤ የሚከፍለው ገዳይ ብቻ ሳይሆን ወገኑ አዋጥቶ ነው። ይህም ትርጉም አለው፤ ሌላ ጊዜ ጎረምሳ ሲፎክር አጎቶቹ ኪሳቸውን አስታውሰው ይቆጡታል። በመጨረሻ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ወገን ፊት ይወድቃል፣ በወንጌል ይማማላሉ፣ አብረው ይበላሉ። የፍርድ ቤቱ ክስ በራሱ መንገድ ይቀጥላል፤ እርቁ የነፍስ ክስን አይሰርዝም።

የሚበላሸውስ የት ነው? በሦስት ቦታ። ዋስ ሳይያዝ ስለ ካሳ መነጋገር ሲጀመር፣ ሽማግሌ በሄደበት ሳምንት ሌላ ሰው ይሞታል። ሽማግሌው በአንድ ወገን ሲጠራ፣ ወይም ሹም ጠቁሞ ሲያስቀምጠው፣ እርቁ በአፍ ይሆናል። ሦስተኛው ሰው ልብ የማይለው ነው። ከአጎቶች ጋር ተጨርሶ እናትየዋና የሟች ታዳጊ ልጅ ሳይጠየቁ ሲቀሩ ልጁ አድጎ «እኔ አልታረቅሁም» ይላል፤ ሕጋዊ ባይሆንም ሐሰት አላለም።

እንግዲህ ይህ የደካማ ሥራ ነው? ሽምግልና ኃይል እንደሌለ አድርጎ አይነሣም። ሁሉም ቤት ጠመንጃ እንዳለ አውቆ፣ ጠመንጃውን ማን ሊያስቆም እንደሚችል በስም ለይቶ ነው የሚጀምረው። ዋስ ማለት ያ ነው። ለትልቁ የፖለቲካ ጠብም ያው ነው የሚጠየቀው፤ ከታጣቂው በኩል «አቁም» ሲባል የሚያስቆም ማን ነው? ከመንግሥት በኩልስ? አሥር አዛዥ አሥር ትእዛዝ የሚሰጥበት ኃይል ዓላማው ፍትሐዊ ሊሆን ይችላል፤ ዋስ ግን ሊጠራ አይችልም። ዋስ የማይጠራ ኃይል ደግሞ ቢያሸንፍም አያሳርፍም።

«ንጹሕ ሰው መጎዳቱ የማይቀር ነው»

«የማይቀር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ሊቀር የሚችለውን ከማይቀረው እንለይ።

መንገድ መዝጋትን እንውሰድ፤ ጽሑፉ «ቀላል እርምጃ» ብሎታል። ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው የማዳበሪያ ምክር ለአንድ ሄክታር፣ ማለትም ለአራት ቃዳ፣ 100 ኪሎ ዳፕ (በኋላ በኤን ፒ ኤስ ተተክቷል) እና 100 ኪሎ ዩሪያ ነው፤ በ50 ኪሎ ጆንያ አራት ጆንያ። የመጀመሪያው ከዘር ጋር በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይገባል፤ ዩሪያው በብዛት በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ ሐምሌ ላይ ይጨመራል። ይህ ከሚመጣባቸው ዋና መንገዶች አንዱ የአባይን በረሃ ተሻግሮ በደጀን በኩል ያለው ነው። መንገዱ በጥር ለሦስት ሳምንት ቢዘጋ ነጋዴ ይከስራል። በሰኔ ለሦስት ሳምንት ቢዘጋ ግን የዓመት እህል ነው የሚነካው፤ በቆሎው ካበበ በኋላ የመጣ ዩሪያ ፍሬ ላይ የሚጨምረው እምብዛም ነው። ያው መንገድ፣ ያው ሦስት ሳምንት፣ ጉዳቱ ግን አይገናኝም። ተጎጂውም ሹሙ አይደለም፤ ሹሙ ደመወዝ አለው። እዚያው መንገድ ላይ ምጥ የያዛት እናት ብትኖር ደግሞ፣ ከወሊድ በኋላ ያልቆመ ደም በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። «ለአምቡላንስ እንከፍታለን» ማለት ብቻውን አይበቃም። ኬላ ላይ የቆመው ልጅ አምቡላንሱን እንዲያሳልፍ በግልጽ መታዘዝ፣ ሌሊት ማን ደውሎ እንደሚያስከፍት መታወቅ፣ አምቡላንስ ወታደር ማመላለሻ እንዳይሆንም ሌላው ወገን መማል አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቃሉ ባዶ ነው።

እገታም አለ። ሰው አግቶ ገንዘብ መቀበል «ለትግሉ ነው» ሲባል ተሰምቷል። የ1949ኙ (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነቶች የጋራ አንቀጽ 3 በአገር ውስጥ ጦርነት መንግሥትንም ታጣቂንም እኩል ያስራል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቶቹን ተቀብላለች። በውጊያው ያልተሳተፈን፣ መሣሪያ ያስቀመጠንና የቆሰለን ሰው መግደል፣ ማሠቃየት፣ ማገትና ያለ ፍርድ ቤት ፍርድ መቅጣት ክልክል ነው ይላል። «ዓላማህ ፍትሐዊ ካልሆነ» የሚል ቅድመ ሁኔታ የለበትም፤ ሆን ተብሎ ነው የተተወው።

በቀረርቶ አስቀድሞ የሚመታው አሾክሻኪ፣ ለሌላው ወገን ወሬ አቀባይ የተባለው፣ ነው። በተግባር ግን አሾክሻኪ ተብሎ የሚገደለው ሰው ብዙ ጊዜ ከአንዱ ጋር የመሬት ክርክር ያለበት ሰው ሆኖ ይገኛል። ምስክር በሌለበት፣ ተከሳሹ በማይናገርበት፣ ፍርዱ በአንድ ሌሊት በሚያልቅበት ሥራ የግል ቂም መግቢያ ማጣት አይችልም።

ጎጃም ይህን ከሌላ ወገንም ቀምሶታል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1880 ሳር ውኃ ላይ ከሱዳን በመጡት ድርቡሾች ተሸነፉ፣ ጎንደርም ተቃጠለች። በኋላ ከምኒልክ ጋር በአፄ ዮሐንስ ላይ መምከራቸው ሲታወቅ ዮሐንስ ጎጃም ገቡ። ከእርሳቸው ቦታ ቆሞ ላየው ዓላማቸው ትክክል ነበር፤ ድርቡሽ ደጅ ላይ ቆሞ አገር ሊከፈል ነው። ያረፈው ግን ማን ላይ ነው? በ1881 የተቃጠለው ቤት፣ የተበላው እህልና የታረደው በሬ የገበሬው ነው። ንጉሡ ተክለ ሃይማኖት ግን በንግሥናቸው ቀጠሉ። ዮሐንስ በዚያው ዓመት መጋቢት መተማ ላይ ለአገራቸው ወደቁ፤ ይህ ክብራቸው ነው፣ የጎጃምን ጎተራ ግን አልሞላውም።

«ሰላማዊ ትግል የትም አላደረሰም»

ቁጥሩ እንዲህ አይልም። እ.ኤ.አ. ከ1900 እስከ 2006 በዓለም የተካሄዱ 323 ዘመቻዎችን ያነጻጸረ የታወቀ ጥናት ያለ መሣሪያ የተካሄዱት 53 በመቶ፣ በመሣሪያ የተካሄዱት 26 በመቶ ግባቸውን እንደመቱ አሳይቷል። ቁጥሩን እንደ ወንጌል አንይዘውም፤ «ግብ መምታት» ምን እንደሆነ ያከራክራል። ያም ሆኖ ከ100 የመሣሪያ ዘመቻ 74ቱ ግቡን ሙሉ በሙሉ እንደማይመታ እያወቀ «ሌላ መንገድ የለም» የሚል ሰው ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው።

ከአገራችን ብንወስድ የየካቲት 1966ቱ አለ። መምህራን አቆሙ፣ በነዳጅ ዋጋ የተነሣ ታክሲዎች ቆሙ፣ ወታደሩም በየጦር ሰፈሩ አጉረመረመ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ በዚያው ወር ለቀቀ። ከሞጣ ጫካ ይልቅ ወደ መሬት አዋጁ ያደረሰው መንገድ ይህ ነው ያልነው ለዚህ ነው። ደካማ ጎኑን ግን አንደብቅም። ያልታጠቀው ሕዝብ የከፈተውን በር የታጠቀው ገባበት። ኅዳር 14 ቀን 1967 60 ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ሥራ ማቆም መንግሥት ሊያወርድ ይችላል፤ ማግስቱን የሚረከብ የተደራጀ ሲቪል አካል ከሌለ ግን የሚረከበው ጠመንጃ ያለው ነው። በዚህ ጸሐፊው ቢወቅሱን እንቀበላለን፤ መድኃኒቱ አስቀድሞ መደራጀት ነው እንጂ ሁለተኛ ባለ ጠመንጃ መጨመር አይመስለንም።

«ዝም ያለ ሁሉ ተባባሪ ነው»

ይህ የመዝጊያ ቃል ከሁሉም አደገኛ ነው፤ ኢላማውን ከጥቂት ሹሞች አንሥቶ ወደ ጎረቤት ሁሉ ያሰፋዋልና። ሐምሌ ላይ ዘሩን ለመዝራት ዝም ያለ አለ፤ ልጁ ከሁለቱም ወገን ስላለ ዝም ያለ አለ፤ ፈርቶ ዝም ያለም አለ፤ መፍራት ደግሞ ወንጀል አይደለም።

ጸሐፊው አርበኞችን ስለሚወዱ ከአርበኞች ዘመን አንድ ነገር እናስታውሳቸው። በጠላት ጊዜ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው፣ ለጣሊያን እየሠሩ፣ ደመወዙን እየበሉ፣ ሰላምታውን እየሰጡ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከውጭ ላያቸው ባንዳ ይመስሉ ነበር። ለጫካው ጥይት፣ መድኃኒትና ወሬ የሚያሾልኩት ግን እነርሱ ነበሩ፤ በኋላ «የውስጥ አርበኛ» ተባሉ። በጸሐፊው ደንብ ቢሆን ገና በ1929 የሚገደሉት እነርሱ ነበሩ።